ስንት ታወጣለች?

እስቴ መካነ ኢየሱስ ገበያው ዳር መኪናዬን ባቆምኩ ቁጥር የሚጠይቀኝ አይጠፋም። «ጋሼ፣ ይቺ ዲኤክስ አሁን ስንት ታወጣለች?» ይሉኛል። ስለ ፍሬኗ የጠየቀኝ ሰው ግን ትዝ አይለኝም። ባሕር ዳር ያለው የእህቴ ልጅ ደግሞ እየደወለ፣ «ጋሼ፣ ዋጋዋ ሰማይ በነካበት ሰዓት ይሽጧትና ትንሽ ጨምረው ኤሌክትሪክ መኪና ይግዙ፤ በኋላ ይቆጭዎታል» ይለኛል። ደብረ ታቦር ያሉ ጓደኞቼ «እንዳትነካት! ወርቅ ናት፤ ገና ትጨምራለች» ባዮች ናቸው። አንዱ ሽጥ፣ ሌላው አትሽጥ ይበል እንጂ የሁለቱም ዓይን ያረፈው ገበያው ላይ ነው። ይህ አስተሳሰብ ከአዲስ አበባ እስከ እስቴ ተንሰራፍቷል፤ እኔ ደግሞ ሰው የሚገድል አስተሳሰብ ነው እላለሁ።

ዲኤክስ የምንላት እ.ኤ.አ. በ1979 ከወጣው ከአራተኛው የቶዮታ ኮሮላ ትውልድ ናት። ሞተሯ 1,290 ሲሲ ነው፤ ቤንዚን የምትጠጣው በካርቡሬተር ነው፤ ኃይሏ ወደ ኋላ ጎማ ይሄዳል። ከእሷ በኋላ የመጡት ኮሮላዎች በአብዛኛው በፊት ጎማ የሚጎተቱ በመሆናቸው፣ መሪ ሲጠመዘዝ የኋላዋ የሚንሸራተተውን ይህችን ቀላል መኪና ወጣቱ የእሽቅድምድም መኪናው አድርጎ ወደዳት። ዝቅ ተደርጋ፣ ሰፊ ቸርኬ ለብሳ፣ ማርሚታዋ እየጮኸ ስታልፍ ያላያት የለም። ፍቅሩን አልነቅፍም። እኔም የገዛኋት በዚያው ፍቅር ተነድፌ ነው፤ ዛሬም ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ደስ ይለኛል።

ወርቅ ያደረጋት ግን ይህ ፍቅር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። ሐሳቡ አሮጌ መኪና እንዲቀንስ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ደግሞ ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ እንዲመነዘር ተለቀቀና የዶላር ዋጋ ከእጥፍ ያላነሰ ወጣ። የሁሉም እርምጃ ጫና የወደቀው ገና በሚገባው መኪና ላይ ስለነበር፣ አስቀድሞ የገባው አሮጌ ተፎካካሪ አጣ። አሮጌን ለማስወገድ የተዘረጋው መረብ አሮጌን አነገሠ። እንግዲህ ባለመኪናው ምን ተማረ? መኪናው በየዓመቱ ሳይነዳ ዋጋ የሚጨምር ከሆነ፣ ገንዘብ የሚወጣው ገዢ በሚያየው ነገር ላይ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ዝገቱ በስቱኮ ይደፈንና ቀለም ይቀባል፤ ወንበሩ ቆዳ ይለብሳል። የፍሬን ሸራው እስከ ብረቱ ቢያልቅ ገዢው ጎንበስ ብሎ አያየውም።

እኔ ይህን የማየው ከቁልቁለት አንጻር ነው። ወደ ባሕር ዳር የምሄደው በደብረ ታቦር አድርጌ ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለችው፤ ወረታ 1,800 ገደማ። በ40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ውስጥ 900 ሜትር ትወርዳለህ፤ በዓለም ሳጋ በኩል ጥምዝምዙ ብዙ ነው። መኪናው ሲወርድ የሚያገኘው ጉልበት የሚበርድበት ቦታ ይፈልጋል። በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ይዘህ ከወረድክ ሞተሩ ይሸከመዋል። ቤንዚን ልቆጥብ ብለህ ማርሹን ነፃ ካደረግከው ግን ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ የዲኤክስ የኋላ ፍሬን ደግሞ ከበሮ ነው፣ ሙቀቱን ቶሎ አያስወጣም። በዚያ ላይ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የሚስብ ፈሳሽ ነው። በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ካልተቀየረ ውስጡ የገባው ውሃ በሙቀት ይፈላል፣ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ስትረግጠው ይጨመቃል እንጂ ግፊት አያስተላልፍም። ፔዳሉ ወለል ይነካል፤ መኪናው አይቆምም።

ይህ በራሴ ላይ ደርሷል። ሙሉ ጥገና ተደረገላት ተብሎ ከጋራዥ በወጣች በሦስተኛው ቀን፣ ኩርባ ላይ ፔዳሉ ሰመጠብኝ። ከፊቴ በጎች የሚነዳ ልጅ ነበር። ማርሹን ወደ አንደኛ ሰብሬ፣ የእጅ ፍሬን ስቤ፣ ጎኗን ከተራራው ጋር እያፋተግሁ አቆምኳት። በኋላ ስትፈታ ዘይቱ እንደ ቡና ጠቁሮ ነበር። ቀለሟ ግን ያንፀባርቅ ነበር፤ የከፈልኩትም ለእሱ ኖሯል። ያን ልጅ ሳስበው ዛሬም ሆዴ ይረበሻል።

ጎማ በዚህ አገር ምድር ላይ ማንቀሳቀስ ከመንገዱ የሚጀመር ሒሳብ መሆኑን ከእኛ በፊት የነበሩት አውቀውታል። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ከተሠራ በኋላ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲጓዝ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው በጠፍር እየጎተተው ወራት ፈጀ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከመድፉ ፊት ፊት መንገድ ያስጠርጉ ነበር። እኛ ግን ሞላ ቆርጠን ዝቅ ያደረግናትን መኪና በእስቴ ጠጠር መንገድ ላይ እናወጣለን፤ የዘይት ኮፓዋ ድንጋይ ሲመታ «መንገዱ ገደላት» እንላለን።

አሁን ወደ እህቴ ልጅ ምክር ልመለስ፤ እውነት አለበትና። ካርቡሬተር ያለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል፤ ደብረ ታቦር ላይ የእኔዋ ሩብ ያህል ጉልበቷን አጥታ ነው የምትወጣው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ምንም አያጣም። ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ ፍሬኑ ባትሪውን ይሞላል፤ ይህ ለእኛ አገር የተፈጠረ ነገር ነው። ይህን አምኜ ግን እጠይቃለሁ፦ ላይ ሆኖ ባትሪውን ሞልቶ ለሚወርድ ሰው ያ ጉልበት የት ይገባል? ሙሉ ባትሪ አይቀበልም። ይህን ለገዢው የነገረው ሻጭ አለ? መብራት ሁለት ቀን ሲጠፋ ምን ይደረጋል? ባትሪው ሲታመም የሚፈታውን ባለሙያ በአቅራቢያዬ አላውቅም፤ የእኔዋን ካርቡሬተር ግን እዚሁ ሰፈር ያለ ልጅ በአንድ ጠመንጃ መፍቻ ይፈታዋል። ኤሌክትሪክ መኪና መጥፎ ነው አላልኩም። «የድሮው ዋጋው ሳይወርድ ሽጠህ ሩጥ» የሚለው ፍርሃት ግን ምክንያት አይሆነኝም፤ የሚሸሸውም የሚያከማቸውም ያንኑ ገበያ እየሰማ ነው።

ቀለምና ቸርኬ መቀየር መኪናን «ማሳደግ» ይባላል፤ ይህ ቃልም ይስተካከል። ዲኤክስን ማሳደግ የሚፈልግ ከፍሬኑ ይጀምር፤ የፊት ዲስኮቹ ይታዩ፣ የፍሬኑ የላስቲክ ቱቦዎች ይቀየሩ፣ ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ይውጣ። ቀጥሎ ካርቡሬተሩ ለከፍታው ይስተካከል፤ እዚህ ላይ የቆላው ልክ ከተተወ ቤንዚን በዝቶበት ያጨሳል። ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ከተገኘ ይገጠም። ይህ ሁሉ ተደርጎ ከመንገድ ዳር የሚያያት ሰው ለውጡን አያውቀውም፤ መሸጫ ዋጋዋም ከተቀባችው እህቷ አይበልጥም። ደላላው የማይከፍልበትን ሥራ ለመሥራት የሚደፍር ባለመኪና ያስፈልገናል።

እኔ አልሸጣትም። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ከስሯ ገብቼ በመዶሻ ጫፍ ወለሏንና የመሪ ማሰሪያውን አካባቢ አንኳኩቼ አያለሁ፤ በየዓመቱ እንዲህ አደርጋለሁ። ብረቱ ጠንክሮ ከጮኸ አንድ ዓመት ትቀጥላለች። መዶሻው የሰመጠ ዕለት ግን ስቱኮ አላስሞላባትም፣ ቀለም አላስቀባትም፣ ለማንም «ንጹሕ ናት» ብዬ ቁልፍ አልሰጥም። ታርጋዋን መልሼ፣ ሊብሬዋን አዘግቼ፣ ሞተሯንና ካምቢዮዋን ለሚጠቅመው ሰው አውጥቼ የቀረውን ለብረት አስቆርጣለሁ። የእህቴ ልጅ የዚያን ዕለት የማጣውን ገንዘብ አስልቶ ነግሮኛል። ሰምቼዋለሁ።