«ጦቢያ»ን አንብቤ የታዘብኩት

ዛሬ ስለ እርሻ ወይም ስለ ከብት በሽታ አልጽፍም። አንድ መጽሐፍ አንብቤ የተሰማኝን ልናገር ነው። የአዋሽ ሰባት ኪሎ ነዋሪ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ነው። ስለዚህ እንደ ሊቅ ሳይሆን ዘግይቶ ማንበብ እንደ ጀመረ ሰው ስሙኝ።

የልጅ ልጄ ሰመራ ትማራለች። እንደ እኩዮቿ ጀብዱና ተአምር የበዛበት ልብ ወለድ ትወዳለች፤ «ዴርቶጋዳ»ን ስንት ጊዜ እንደ ደጋገመችው እሷ ታውቃለች። ባለፈው ልጠይቃት ሄጄ ስመለስ፣ «አባባ፣ የእነዚህ ሁሉ አያት ይኸውልህ» ብላ አንድ ቀጭን መጽሐፍ በእጄ አስያዘችኝ። አውቶቡስ ውስጥ ከፈትኩት። ሚሌንና ገዋኔን አልፌ አዋሽ አርባ ሳልደርስ አለቀ።

መጽሐፉ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም ሮም ላይ ያሳተሙት ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ይባላል። ያኔ የወጣበት ስም «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ «ጦቢያ» እየተባለ የታወቀው ኋላ ነው። ሰውየው በኋላ ዘመናቸው ለጣሊያን ወራሪ ማደራቸውን አውቃለሁ፤ ዛሬ የምፈርደው ግን በመጽሐፉ ላይ ነው።

ታሪኩ እንደ ተረት ይፈስሳል። ዋህድና ጦቢያ መንታ ናቸው፣ ወንድና ሴት። የጦር አለቃ የሆነው አባታቸው በአረማውያን እጅ ይማረካል። አንድ ደግ ነጋዴ ማስለቀቂያውን ገንዘብ ሰጥቶ መንገዱን ይቀጥላል። ዋህድ «ውለታ በልቼ አልቀርም» ብሎ ነጋዴውን ፍለጋ ሲወጣ ራሱ ተይዞ ባሪያ ይሆናል። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ ትነሣለች። በመጨረሻ አረማዊው ንጉሥ ይወዳታል፤ ክርስትና ተነሥቶ ያገባታል። ሰላም ይሆናል።

ይህን ለአንድ አፋር ወዳጄ አጫወትኩት። ሽማግሌ ነው፤ ግመሎች አሉት። አፋር በመንገድ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ዳጉ ይጠያየቃል፦ ምን አየህ? ምን ሰማህ? ከማን ሰማህ? በዳጉ ውሸት መናገር ትልቅ ነውር ነው። እናም ወዳጄ በመጀመሪያ የጠየቀኝ «ማን አይቶ ነው ያወራው?» ብሎ ነው። ልብ ወለድ ነው፣ ከልብ የተወለደ ነው ብዬ አስረዳሁት። «ታዲያ ውሸት ነዋ!» አለኝ።

ውሸት ግን አይደለም። የዋህድን ነገር ውሰዱ። ከሸዋ ተነሥቶ በአውሳ በኩል ወደ ታጁራ በሚወርደው የቅፍለት መንገድ በ19ኛው መቶ ዘመን ሰውም እንደ ዕቃ ይነዳ ነበር። ባርነትን የሚሽር አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም ነው። መጽሐፉ በታተመበት ዘመን መንገድ ወጥቶ መቅረት የምናብ ነገር አልነበረም። ይህን ስነግረው ወዳጄ ዝም አለ። እሱም ከአባቶቹ የሰማው አለ።

ነጋዴውንም ወደደው፤ እኔም ከሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። የልጅ ልጄ የምትወደው ጦቢያ ሱሪ የለበሰችበትን ነው። (እኛ ቆላ ግን ግመል የምትጭነውም፣ ጎጆውን የምትሠራውም ሴት ናት። ለዚያ ሱሪ አላስፈለጋትም።)

ቅር ያለኝ መጨረሻው ላይ ነው። ጦቢያ ማለት በድሮ ሰው አፍ ኢትዮጵያ ማለት ነው። እንግዲህ ልጅቷ አገር ከሆነች፣ በአገር ውስጥ ሰላም የወረደው ያኛው ወገን ሃይማኖቱን ከጣለ በኋላ ነው ማለት ነው። ንጉሡ እንደነበረ ሆኖ ደግ ሊሆን አይችልም ነበር? ጸሐፊው ምርኮኞቹን በመልካም እንዲይዝ አድርገውታል፤ ደግነቱን ራሳቸው አሳይተውናል። ከዚያ ወዲያ ለምን ለወጡት? አፋር ከጥንት ጀምሮ እስላም እንጂ አረማዊ አይደለም። ቢሆንም አንድ የአፋር ልጅ ይህን መጽሐፍ ሲያነብ፣ «እኔስ ከየትኛው ወገን ነኝ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የዘመኑ አስተሳሰብ ነው ይባል ይሆናል። አዎን፣ ነው። እኔ ግን የማነበው ዛሬ ነው። አዋሽ ላይ የመስጊዱን አዛንና የቤተ ክርስቲያኑን ደወል በአንድ ጠዋት እየሰማሁ የምኖር ሰው ነኝ።

ስለዚህ ወጣቶች አያንብቡት አልልም። ያንብቡት። በዘመቻው ጊዜ ከተማረባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ አፋርኛ ነበር፤ አሁን ደግሞ አፋርኛ በላቲን ፊደል በየትምህርት ቤቱ ይጻፋል። የልጅ ልጄን «በአፋርኛ የሚጽፍ ጓደኛ ካለሽ፣ ታሪኩን ከንጉሡ ወገን ሆኖ ይጻፈው» ብያታለሁ። ሳቀችብኝ። ወዳጄ ግን አልሳቀም። «ንጉሡ ሃይማኖቱን ሲለውጥ ሽማግሌዎቹ ምን አሉት?» ብሎ ጠየቀኝ። መጽሐፉን መልሼ ገለጥኩት። እሱን የሚያጠግብ መልስ አላገኘሁለትም።