«አዲሱ ፕሮሰሰር እስኪወጣ ጠብቁ» የምትሉን፣ እባካችሁ ተውን!

በቅድሚያ የራሴን ጥፋት ልናገር። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የአክስቴ ልጅ ላፕቶፕ ሊገዛ ብር አጠራቅሞ ምክር ጠየቀኝ። የአርክቴክቸር ተማሪ ነው። አሮጌው ማሽኑ አንድ ፋይል እስኪከፍት ቡና ተፈልቶ ይጠጣል። እኔም አዋቂ ነኝ ብዬ፣ «አሁን አትግዛ! ታይፔ ላይ የኮምፒዩቴክስ ኤግዚቢሽን ሊከፈት ነው። ኢንቴልም ኤኤምዲም አዲስ ፕሮሰሰር ያሳያሉ። መስከረም ላይ አዲሱ ሲገባ የድሮው ዋጋ ይወርዳል» አልኩት። አመነኝና ጠበቀ።

ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በባንክ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በዓመቱ ከ130 ብር አልፎ ተገኘ። ኢንቴል እንደ ቃሉ መስከረም ላይ አዲሱን ቺፕ ለገበያ አቀረበ። ልጁ ግን ባጠራቀመው ብር አዲሱን መግዛት ይቅርና፣ ግንቦት ላይ ዋጋውን ጠይቆ የተመለሰውን ላፕቶፕ እንኳ መግዛት አቃተው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው።

ከዚያ ወዲህ «ቀጣዩ ጄኔሬሽን ሊመጣ ነው፣ ትንሽ ታገሱ» የሚል ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል። ምክንያቴን ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ይህ የቀን መቁጠሪያ የሻጩ እንጂ የእኛ አይደለም። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ ላስ ቬጋስ ላይ ሲኢኤስ አለ። በሜይ ወይም በጁን ታይፔ ላይ ኮምፒዩቴክስ አለ። በሴፕቴምበር በርሊን ላይ ኢፋ አለ። ዓመቱን ሙሉ «ሊወጣ የተቃረበ» ነገር አይጠፋም። ስለዚህ የሚጠብቅ ሰው ሁልጊዜ ይጠብቃል። «አዲሱ ሲመጣ የድሮው ይረክሳል» የሚለው ምክር የተወለደው አሜሪካ ነው፤ እዚያ መደብሩ መደርደሪያውን ለማስለቀቅ ዋጋ ይቀንሳል። እኛ ዘንድ የላፕቶፕ ዋጋ የሚከተለው ዶላርን ነው እንጂ የላስ ቬጋስን መድረክ አይደለም።

ሁለተኛ፣ አዲስ ስም ሁሉ አዲስ ቺፕ አይደለም። ኤኤምዲ ለ2023 ያወጣቸውን የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ተመልከቱ። ራይዘን 5 7520ዩ፣ 7530ዩ እና 7640ዩ ሁሉም በ7 ይጀምራሉ። ያ 7 የሚነግረን ዓመቱን ብቻ ነው። ቁም ነገሩ ያለው ሦስተኛው አኃዝ ላይ ነው፦ 2 ከሆነ ውስጡ በ2019 የወጣው ዜን 2 ነው፣ 3 ከሆነ ዜን 3፣ 4 ከሆነ ዜን 4። ኢንቴልም ንጹሕ አይደለም። በጃንዋሪ 2024 «አይ» የምትለዋን ፊደል ጥሎ ኮር 7 150ዩ ብሎ ያቀረበው፣ ከ13ኛው ጄኔሬሽን ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ስሙን አምኖ የከፈለ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው።

«ታዲያ እውነተኛ ለውጥ የለም?» ትሉኝ ይሆናል። አለ። በ2017 የኢንቴል 8ኛው ጄኔሬሽን ሲመጣ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ የሚገባው ኮር አይ ፋይቭ ከሁለት ኮር ወደ አራት ኮር አደገ። በ2020 የአፕል ኤም 1ም ትልቅ ዝላይ ነበር። ግን እንዲህ ያለው በየዓመቱ አይመጣም። ሲመጣም የሚታወቀው ሰዎች ገዝተው ከሞከሩት በኋላ ነው እንጂ ኩባንያው መድረክ ላይ ሲምል አይደለም።

ሦስተኛ፣ ልንጨነቅበት የሚገባውን ቀን ረስተነዋል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ለግል ተጠቃሚዎች የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ቢያዘጋጅም፣ ማራዘሚያም ያልቃል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂት ልዩ ሞዴሎች በቀር ከ8ኛው ጄኔሬሽን በታች ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰርን በይፋ አይቀበልም። ስለዚህ ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ሻጩ «ኮር አይ ሰቨን እኮ ነው!» እያለ 7ኛ ጄኔሬሽን ቢያቀርብላችሁ፣ ባለ 8ኛው ኮር አይ ፋይቭ ይሻላችኋል። የጄኔሬሽን ቁጥር ከልብ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ ግን የሚጮኽ የለም፤ ሁሉም ገና ስላልተወለደው ቺፕ ያወራል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ጥያቄውን እንቀይር። «ምን ሊወጣ ነው?» ሳይሆን «ሥራዬን ዛሬ ያስቆመው ምንድን ነው?» እንበል። ማሽኑ አሁንም በሃርድ ዲስክ የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ኤስኤስዲ ቀይሩት። ራሙ 4 ወይም 8 ጊጋባይት ከሆነና መጨመር የሚቻል ከሆነ ጨምሩ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ሥራችሁ ከቆመ፣ ብሩም ካለ፣ ዛሬ ግዙ። ሥራችሁ ካልቆመ ደግሞ አሥር አዲስ ቺፕ ቢወጣም አትግዙ።

በነገራችን ላይ ያን ልጅ «ጠብቀው» ያልኩት የኢንቴል ቺፕ ራሙ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የታሸገ ነው፤ ከገዙት በኋላ መጨመር አይቻልም። ይህን እንኳ ሳላጣራ ነበር የመከርኩት። ልጁ በመጨረሻ አሮጌው ማሽኑ ላይ ኤስኤስዲና ራም አስገብቶ ሥራውን ቀጥሏል። እኔን ምክር መጠየቅ ግን አቁሟል። አልፈርድበትም።