ጧሪዋን ማን ይጡራት?

ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ ራት ተበልቶ ሲያበቃ፣ በመኝታ ቤታችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ነገሩ ስለ ዐረብ አገር ሴቶች ነው። አንደኛው ጓደኛችን «የዐረብ ሴት ዛሬ እኮ ነፃ ወጥታለች፤ በብዙዎቹ አገሮች በዩኒቨርሲቲ ከሚማሩት የሚበልጡት ሴቶች ናቸው» አለ። ሁለተኛው ደግሞ «ተምራስ የት ደረሰች? ተመልሳ ቤት ነው የተቀመጠችው» ሲል መለሰለት። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ቢቆይም አሸናፊ አልተገኘም። እኔ በበኩሌ ሁለቱም እውነት ተናግረዋል እላለሁ፤ ነገር ግን ሁለቱም አንድ ጥያቄ ረስተዋል። ይኸውም፣ በዚያ ቤት ውስጥ የአልጋ ቁራኛ የሆነችውን አያት የሚያነሣትና የሚያስተኛት ማነው? የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። (ዘመናቱን የምጽፈው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።) በዐረብ አገሮች ለሥራ ከደረሱት ሴቶች መካከል ደመወዝ ያለው ሥራ የያዙት ወይም የሚፈልጉት ከ5ቱ አንዷ ያህል ብቻ ናቸው፤ ከዓለም ክፍሎች ሁሉ ዝቅተኛ ከሚባሉት ቁጥሮች አንዱ ነው። ከወንዶቹ ግን ከ10ሩ ከ7 የማያንሱት በሥራ ዓለም ውስጥ ይገኛሉ። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2018 ባወጣው መግለጫ እንደ ተመለከተው፣ በነዚሁ አገሮች ሴቲቱ ያለ ደመወዝ ሰውን በመንከባከብና ቤትን በማሰናዳት የምታሳልፈው ጊዜ ከወንዱ 4.7 እጥፍ ነው። እርግጥ ነው፣ ሴቲቱን ከሥራ የሚያስቀራት ይኽ ብቻ አይደለም፤ የሥራ እጦትም፣ የመጓጓዣ ችግርም፣ ልማድም አለ። ነገር ግን ምክንያቶቹን ስንዘረዝር ይኼኛውን ዘወትር እንዘለዋለን፤ ሥራ ብለን አንጠራውምና።

ሥራ አይደለም እንዴ? አንድ ሽማግሌ ደም ግፊት ጥሎት ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ቢለው፣ ወይም አንዲት አሮጊት ጃጅታ የወለደቻቸውን ልጆች ስም ብትረሳ፣ ጠዋት ማጠብ፣ ማጉረስ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ መስጠት፣ ጀርባ እንዳይቈስል በየጊዜው ማገላበጥ፣ ሌሊት ሲጣሩ መነሣት ያስፈልጋል። ሕፃን ያድጋል፤ አሳዳጊውም ከዓመት ወደ ዓመት ይቀልለታል። ይኽ ግን እያደር የሚከብድ ነው፤ አምስትም አሥርም ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ይኸው ሥራ ሐኪም ቤት ውስጥ ሲሠራ ነርስነት ይባላል፤ ደመወዝም አለው። ቤት ውስጥ ሴት ልጅ ስትሠራው ግን የሚከፈላት ምርቃት ነው።

ከዐረብ አገሮች መካከል በሕዝቡ ውስጥ የሽማግሌው ድርሻ ከፍ ያለባቸው ሊባኖስና ቱኒዚያ ናቸው። የሰው ዕድሜ ረዝሟል፤ የሚወለደው ልጅ ግን አንሷል። ድሮ ስድስት ሰባት ልጆች የሚካፈሉትን ጧሪነት ዛሬ ሁለትና ሦስት ልጆች ይሸከሙታል። በሊባኖስ ደግሞ ብዙው ወንድ ልጅ እንጀራ ፍለጋ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ወደ ካናዳ፣ ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ይሄዳል። ገንዘብ ይልካል፤ በበዓል ቀን ይደውላል። ቤይሩት የቀረችው ሴት ልጅ ወይም ምራት ግን ገንዘብ የማይሠራውን ሁሉ ትሠራለች።

መንግሥትስ? በ1963 የተቋቋመው የሊባኖስ የማኅበራዊ ዋስትና ድርጅት ለግል ድርጅት ሠራተኛ ሲሰጥ የኖረው፣ ሥራውን ሲለቅ አንድ ጊዜ የሚከፈለውን ገንዘብ ነው እንጂ ወር በወር የሚገባ ጡረታ አልነበረም። በ2019 በተጀመረው ቀውስ የሊባኖስ ሊራ ከዋጋው ከመቶ 90 በላይ ሲያጣ፣ የብዙ ሽማግሎች የዕድሜ ልክ ጥሪት እፍኝ የማይሞላ ሆነ። ምክር ቤቱ ወር በወር የሚከፈል ጡረታ የሚያቋቁም ሕግ የወሰነው በ2023 መጨረሻ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ጡረታ የሚለው ቃላችን መጦር ከሚለው ጋር አንድ ዘር ነው። ጡረታ የሚከፈለው ግን በደመወዝ ለሠራ ሰው ነው። እናቷንና አማቷን ሃያ ዓመት የጦረች ሴት፣ ደመወዝ ስላልነበራት፣ ራሷ ስታረጅ በስሟ የሚከፈል ጡረታ የላትም፤ ተስፋዋ የባሏና የልጇ እጅ ብቻ ነው። ጧሪዋ ያለ ጧሪ ቀረች ማለት ነው።

አቅም ያለው የሊባኖስ ቤተሰብ ለዚህ ችግር ያገኘው መፍትሔ እኛ ደኅና አድርገን የምናውቀው ነው፤ ከኢትዮጵያ፣ ከፊሊፒንስ፣ ከስሪ ላንካ፣ ከባንግላዴሽ ሴት ማስመጣት። ታላቅ እኅቴ ቤይሩት ውስጥ ሰባት ዓመት ሠርታለች። ደላላው «ቤት ማጽዳት ነው» ብሏት ነበር። ስትደርስ የጠበቀቻት ግን ከአልጋ የማትነሣ የማዳም እናት ነበረች። ሰው እንዴት እንደሚነሣ፣ እንዴት እንደሚገላበጥ ያስተማራት የለም። አሮጊቷ ሌሊት ስትንቀሳቀስ እንድትሰማ ፍራሿ ከአልጋው ግርጌ ተነጠፈ፤ እዚያው ሰባት ዓመት ተኛች። ማዳም ክፉ ሴት አልነበረችም ትላለች እኅቴ። ጠዋት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትሄድ «አንቺ ባትኖሪ ሥራዬን እለቅ ነበር» ትላት ነበር። የማዳም ወንድም የሚኖረው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። እሑድ እሑድ ይመጣል፤ የእናቱን እጅ ስሞ ቡና ጠጥቶ ይሄዳል።

እንግዲህ ፍርዱን ለእናንተ እተወዋለሁ። ማዳም ሥራዋን አልለቀቀችም፤ ይኽ መልካም ነው። ነገር ግን ነፃነቷን ያገኘችው ወንድሟ ድርሻውን ስላነሣ አይደለም፤ መንግሥትም ስለ ረዳት አይደለም። ከእርሷ ይልቅ የደከመች ሌላ ሴት ስለ ተገኘች ነው። ይህችኛዋን ሴት ደግሞ ሕጉ አያውቃትም። የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ7ኛው አንቀጽ የቤት ሠራተኛን ከጥበቃው ውጭ አድርጓል። የመኖሪያ ፈቃዷ «ከፋላ» በሚባለው ሥርዓት ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ስለ ሆነ፣ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ቤቱን ትታ ብትወጣ ሕገ ወጥ ትባላለች። በ2015 የቤት ሠራተኞች ማኅበር ቢያቋቁሙም መንግሥት ዕውቅና ነፈጋቸው። በ2020 ቀውሱ ሲብስ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያት ከነሻንጣቸው በቤይሩት የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ተጥለው ታዩ።

ነገሩ በዚህም አያበቃም። እኅቴ ቤይሩት ሳለች እናታችን ታመመች። እኅቴ የሰው እናት ታስታምም ነበርና መምጣት አልቻለችም። ስለዚህ ታናሽ እኅታችን ከ9ኛ ክፍል ትምህርቷን አቋርጣ እናታችንን አስታመመች። እኔ የዚያን ጊዜ ፈተና ደርሶብኝ ነበር፤ «አንተ ተው፤ እኅትህ ትቀጥል» ያለኝ ማንም የለም። እኔም አልጠየቅሁም። ይኸው ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ እኩልነት እከራከራለሁ። ከቤይሩት መምህርት እስከ 9ኛ ክፍል ተማሪዋ ድረስ ሸክሙ ትከሻ ለወጠ እንጂ አልወረደም፤ በተላለፈ ቁጥርም የሚያርፈው ከፊተኛይቱ ይልቅ አቅም በሌላት ሴት ላይ ነው።

«ታዲያ ዐረቦቹ ሽማግሎቻቸውን እንደ ፈረንጅ መጦሪያ ቤት ያጉሩ ነው የምትለው?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ወላጅን መጦር የዐረብ ኅብረተሰብ ትልቅ ጌጥ ነው፤ በእስልምናም በክርስትናም የታዘዘ ነው። ነገር ግን የታዘዘው ልጅ ነው እንጂ ሴት ልጅ ብቻ አይደለችም። ክብሩን ወንድም ወስዶ ድካሙን እኅት ከወሰደች፣ ይኽ ሃይማኖት ሳይሆን አድልዎ ነው። ደግሞም በመጦሪያ ቤትና በአንዲት ሴት ትከሻ መካከል ሌላ መንገድ አለ። ቱኒዚያ በ1956 ባወጣችው የቤተሰብ ሕግ ከአንድ በላይ ማግባትን ከልክላ ለሴቶች መብት ቀድማ የተነሣች አገር ናት። በ1994 ደግሞ ስለ ሽማግሎች ጥበቃ ራሱን የቻለ ሕግ አወጣች። ሽማግሌውን ከቤቱ ሳያወጡ እየዞሩ የሚረዱ ቡድኖች፣ ጧሪ ያጣውንም ሰው ተቀብሎ የሚያኖር ቤተሰብ በዚያች አገር ተሞክረዋል። ይኽ የሁሉንም ችግር ያቃልላል ማለቴ አይደለም፤ መንገዱ ከዐረብ ልማድ ጋር የማይጣላ መሆኑን ግን ያሳያል።

ስለዚህ አሳቤ ይኽ ነው። በመጀመሪያ፣ ማስታመም ሥራ መሆኑ በሕግ ይታወቅ፤ ተቀጥራ የምትሠራውም ሴት፣ የአገር ልጅም ትሁን የውጭ፣ ሰዓት፣ የዕረፍት ቀንና ፓስፖርቷን በእጇ የመያዝ መብት ይኑራት። ሁለተኛ፣ ነርስ በየቤቱ የሚልክና ሽማግሎች ቀን የሚውሉበት ቤት የሚያቋቁም የመንግሥት ገንዘብ ይመደብ፤ በዚህም ተምረው ቤት ለተቀመጡት ለነዚያ ሴቶችም፣ ለወንዶችም፣ የተከበረ ሥራ ይከፈታል። ሦስተኛ፣ ወላጁ የታመመበት ሠራተኛ ወንድም ቢሆን ሴትም ብትሆን ደመወዝ ሳይጓደል ፈቃድ ያግኝ። አራተኛ፣ ወላጆቿን ስትጦር የቆየች ሴት የጦረችበት ዘመን ለጡረታዋ ይታሰብላት። ይኽ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። ዛሬም ቢሆን ግን ዋጋው ይከፈላል፤ የምትከፍለው ሴቲቱ ብቻ በመሆኗ ነው በመንግሥት መዝገብ የማይታየው።

ወንድሞቼ፣ ስለ ዐረብ ሴት መፍረድ ለእኛ ቀላል ነው፤ አገሩ ሩቅ ነውና። በሚመጣው ክረምት ወደየቤታችን ስንሄድ ግን፣ በቤታችን የታመመ ሽማግሌ ቢኖር፣ ሌሊት ሲጣራ የሚነሣው ማን እንደ ሆነ እንመልከት። እኔ እናቴን የማነሣት ራሴ ነኝ። ታናሽ እኅቴም በማታ ትምህርት ካቋረጠችበት ከ9ኛ ክፍል ትጀምራለች። ይኽ የቤይሩትን ሕግ አይለውጥም። ነገር ግን ባለፈው ምሽት በመኝታ ቤታችን ለተነሣው ክርክር፣ እኔ ልሰጠው የምችለው የመጀመሪያ መልስ ይኸው ነው።