በሕሙማን ደም የሚፈተን ወርቅ

ወርቅ ከጥንት ጀምሮ የነገሥታት ዘውድና የሴቶች ጌጥ ሆኖ መኖሩን የማያውቅ የለም። ዛሬ ግን ሊቃውንት ከጌጥነቱ የሚበልጥ አገልግሎት ሊያገኙበት ይደክማሉ፤ ይኸውም በሰው ደም ውስጥ የተሰወረውን የበሽታ ምልክት በኤሌክትሪክ ኃይል እንዲገልጥ ማድረግ ነው።

የዚህ ጥበብ መሠረት አዲስ አይደለም። ሊላንድ ክላርክና ቻምፕ ላዮንስ የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ዓ.ም. በደም ውስጥ ያለውን ስኳር በዚህ መንገድ ለመለካት የሚቻልበትን ዘዴ ገለጹ። ዛሬ የስኳር ሕመምተኛ በቤቱ ተቀምጦ በአንዲት ጠብታ ደም ራሱን የሚመረምርባት ትንሽ መሣሪያ የዚያ ሐሳብ ፍሬ ናት።

ነገር ግን ስኳር በደም ውስጥ ብዙ ስለ ሆነ መለካቱ ይቀላል፤ የልብ ሥጋ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣው ትሮፖኒን የተባለው ፕሮቲን ግን እጅግ ጥቂት ነው። ጥቂቱን ለመያዝ ሰፊ ገጽ ያስፈልጋል። ስለዚህ ወርቅና ብር በአንድነት ቀልጠው ስስ ቅጠል ይሆናሉ፤ ቅጠሉ በናይትሪክ አሲድ ሲነከር ብሩ ይሟሟል፤ ወርቁ ግን እንደ ሰፍነግ ተቦርቡሮ ይቀራል። እያንዳንዱም ቀዳዳ ከሰው ጠጉር ውፍረት ከሺህ እጅ በላይ ያንሳል። በዚህ ሰፊ ገጽ ላይ ምልክቱን የሚይዝ አንቲቦዲ ይለጠፋል፤ ምልክቱ በተያዘ ጊዜ የኤሌክትሪኩ መጠን ስለሚለወጥ፣ ከለውጡ የምልክቱ ብዛት ይታወቃል።

ሆኖም በንጹሕ ፈሳሽ ውስጥ ደኅና የሠራ መሣሪያ ሁሉ በደምም ውስጥ እንዲሁ ይሠራል ማለት አይደለም። በደም ያሉት ልዩ ልዩ ፕሮቲኖች በወርቁ ላይ እየተለጠፉ ምልክቱን ይጋርዳሉ። ቀዳዳዎቹ ጠባብ ቢሆኑ ታላላቆቹን ፕሮቲኖች ይከለክላሉ፤ ነገር ግን ይኸው ጥበት አንቲቦዲውንም ራሱን እንዳይገባ ሊያግደው ይችላል። ስለዚህ የቀዳዳው ስፋት እንደሚፈለገው ምልክት ተመዝኖ መወሰን አለበት።

ሐሰተኛ ውጤት ጤነኛውን ያስደነግጣል፤ የታመመውንም ያዘናጋል፤ ልቡ ለተጎዳ ሰው ደግሞ ጥቂት ሰዓት መዘግየት የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። ከታላላቅ ሐኪም ቤቶች ርቆ የሚኖረው ሕዝብ ርካሽና ፈጣን መሣሪያ ማግኘቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ዳሩ ግን ርካሽነቱ እውነተኛነቱን የሚያጎድል መሆን የለበትም። ወርቅ በእሳት እንደሚፈተን ሁሉ፣ ይህም ወርቅ አስቀድሞ በብዙ ሕሙማን ደም ይፈተን፤ ከታመነውም የላቦራቶሪ ምርመራ ጋር ይመሳከር። ሐኪም ሊያምነው የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው።