ደጋን በለጋ እጅ፦ ስለ ወጣት የክር ሙዚቃ ተጫዋቾቻችን አስተዳደግ

ስለ ሙዚቃ ትምህርት በተነጋገርን ቁጥር ስለ ተሰጥኦ እንናገራለን። የተሰጥኦ ነገር ሲነሣ ደግሞ ሁላችንም እንስማማለን፤ አገራችን የዜማ አገር ናት፣ ሕዝባችን በሐዘኑም በደስታውም በሥራውም ያዜማል እንላለን። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ይህ እውነት ለብዙ ዓመታት የአንድ ትልቅ ጉድለት መሸፈኛ ሆኖ ኖሮአል። ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ ቼሎ ወይም ኮንትራባስ የሚጫወት ወጣት ሲሠለጥን ትምህርቱ የሚጀመርለት የሌላው ዓለም ተማሪ መሠረቱን ጥሎ በጨረሰበት ዕድሜ ነው፤ ትምህርቱን በፈጸመ ማግሥት ደግሞ የሚቀመጥበት ወንበር ሳይዘጋጅለት ይሰናበታል። ከዚያ በኋላ የክር ሙዚቃችን ለምን አልጎለመሰም ተብሎ ስብሰባ ይጠራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

በመጀመሪያ የመሣሪያዎቹን ጠባይ ልብ እንበል። የፒያኖ ተማሪ ጣቱን ሲያሳርፍ የተቃኘ ድምፅ ይጠብቀዋል። የክራርና የበገና ተማሪም መሣሪያውን አስቀድሞ ቃኝቶ ይይዛል። ቫዮሊን ግን በአንገቱ ላይ የጣትን ቦታ የሚያሳይ ምልክት የለውም፤ ጣት በጥቂቱ ካፈነገጠ ቃናው ይበላሻል። ግራ እጅ ቃናን ሲፈልግ ቀኝ እጅ የደጋኑን ክብደት፣ ፍጥነትና ከክሩ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በየቅጽበቱ ይወስናል። ሁለቱ እጆች የተለያየ ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራሉ፤ ሁለቱንም የሚመራው ጆሮ ነው። ይህ ዕውቀት በቃል ተነግሮ የሚያዝ ሳይሆን ከአጥንትና ከጅማት ጋር አብሮ የሚያድግ ነው። ቫዮሊን ከሙሉው ልክ አንሥቶ አንድ አሥራ ስድስተኛ (1/16) እስከሚባለው ትንሽ ልክ ድረስ የሚሠራውም ለሕፃን ትከሻና ክንድ እንዲመች ነው። ጃፓናዊው መምህር ሺኒቺ ሱዙኪ በ1946 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በማትሱሞቶ ከተማ ማስተማር ሲጀምር የተነሣበት ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ሕፃን የእናቱን ቋንቋ በመስማትና በመደጋገም እንደሚለምድ ሁሉ ሙዚቃንም እንዲሁ ይለምዳል የሚል ነው።

በ1993 ኤሪክሰን የተባለው የሥነ ልቡና ተመራማሪና ባልደረቦቹ በምዕራብ በርሊን የሙዚቃ አካዳሚ የሚማሩ ቫዮሊን ተጫዋቾችን መርምረው ያሳተሙት ጥናት በሰፊው ይታወቃል። ተማሪዎቹ መሣሪያውን የያዙት በአማካይ በ8 ዓመት ዕድሜያቸው ገደማ ነበር። 18 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ የላቁት ተማሪዎች በአማካይ 7,410 ሰዓት፣ ጥሩ የተባሉት 5,301 ሰዓት፣ ለሙዚቃ መምህርነት የሚሠለጥኑት 3,420 ሰዓት ለብቻቸው ተለማምደው ነበር። ልምምድ ብቻውን ሁሉን አይፈጥርም ብለው ከዚህ ጥናት ጋር የተከራከሩ ሌሎች ተመራማሪዎች አሉ፤ ክርክራቸውም ክብደት አለው። ነገር ግን ያለ ልምምድ ማንም እንደማይደርስ የካደ የለም።

አሁን የእኛን ሒሳብ እንሥራ። ቫዮሊንን ለመጀመሪያ ጊዜ በ18 ዓመቱ የጨበጠ ትጉህ ወጣት በቀን 4 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን፣ በዓመት 40 ሳምንት ቢለማመድ በአራት ዓመት ውስጥ 3,840 ሰዓት ያጠራቅማል። ዲግሪውን ተቀብሎ ሲወጣ የያዘው ስንቅ በርሊን ውስጥ ለመምህርነት የሚሠለጥነው ተማሪ በ18 ዓመቱ ከያዘው ብዙም አይበልጥም። ይህም መብራት ሳይጠፋ፣ ክር ሳይበጠስ፣ የመለማመጃ ክፍል ወረፋ ሳይኖር ነው። ወጣቱ ሰነፍ አይደለም፤ ተሰጥኦም አላነሰውም። ጉድለቱ የዕድሜ ሒሳብ ነው፤ ሒሳቡን ያወጣው ደግሞ እሱ አይደለም።

ዝናቸው ዓለምን ያዳረሰ ባለሙያዎች ታሪክም ከዚህ የተለየ አይደለም። ዳቪድ ኦይስትራኽ በኦዴሳ ከተማ ከመምህር ስቶልያርስኪ ዘንድ ሲቀመጥ ገና የ5 ዓመት ልጅ ነበር። ዘግይቶ ጀመረ የሚባለውን ብንፈልግ እንኳ ቬኔዙዌላዊው ኤዲክሰን ሩይስ ኮንትራባስን የጀመረው በ11 ዓመቱ ነው፤ በ17 ዓመቱ የበርሊን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ አባል ለመሆን በቃ። ኮንትራባስ ትልቅ አካል ስለሚጠይቅ ከቫዮሊን ዘግይቶ ሊጀመር ይችላል። እንግዲህ በሌላው ዓለም «ዘግይቶ» ማለት 11 ዓመት ነው።

ይህ የባዕድ ሥርዓት ነው የሚል ቢኖር የራሱን አገር አላወቀም። የዜማ ተማሪ ከፊደልና ከዳዊት ተነሥቶ በልጅነቱ ወደ ዜማ ቤት ይገባል፤ ጾመ ድጓንና ድጓን ለዓመታት ይቀጽላል። በድጓ መምህርነት መመስከር የሚሻ በጋይንት ወደሚገኘው ወደ ቤተልሔም ይዘልቃል። ከተመሰከረለት በኋላም መሪጌታ ተብሎ የሚያገለግልበት ደብር ይጠብቀዋል። የአዝማሪ ልጅም መሰንቆን የሚማረው ከአባቱ ጉልበት ሥር ነው፤ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰህ ና የሚለው የለም። ዐዋቂ ሲሆንም ሠርጉና ጠጅ ቤቱ የሥራ ቦታው ነው። ሁለቱ ሥርዓቶች በመንፈስም በዓላማም ይለያያሉ፤ በአንድ ነገር ግን አንድ ናቸው። ልጅነት፣ መምህርና የሥራ ቦታ ሦስቱ አብረው ይገኙባቸዋል። ሦስቱ የተለያዩት በዘመናዊው ትምህርታችን ውስጥ ነው።

የዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። በ1924 አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት አዲስ አበባ ላይ የናስ ባንድ አቋቋሙ። ከዚያም በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ባንዶች ተከተሉ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ የከተማውን ሙዚቃ ያደመቁት የትራምፔትና የሳክስፎን ተጫዋቾች ብዙዎቹ ከነዚህ ሰፈሮች የወጡ ናቸው። መለከቱ በዚህ አገር ሥር የሰደደው ለጆሮአችን ከቫዮሊን ይበልጥ ስለ ቀረበ አይደለም። ባለመለከቱ ደመወዝ፣ ማደሪያ፣ አለቃና የየዕለት ልምምድ ስለ ነበረው ነው። በ1991 የቀድሞው ሠራዊት ሲፈርስ ባንዶቹም አብረው ተበተኑ፤ የናሱም ድምፅ ቦታውን ለኪቦርድ እየለቀቀ ሄደ። መሣሪያ የሚኖረው ተቋም ሲኖር ነው፤ ተቋሙ ሲሞት መሣሪያው ይሞታል። የክር መሣሪያዎች ግን ያን የመሰለ ሰፈር በስፋት አግኝተው አያውቁም።

በ1960ዎቹ በአሸናፊ ከበደ ዳይሬክተርነት የተጠናከረው፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለዚህች አገር የዋለላት ውለታ ብዙ ነው። መሰንቆና ቫዮሊን በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲሰሙ ያደረገ ቤት ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ጣቱን በትምህርት ቤቱ ላይ አይቀስርም። ጥያቄው ከትምህርት ቤቱ በፊትና በኋላ ምን አለ የሚል ነው። ሰባተኛ ፎቅ ላይ የተሾመ ግንበኛ መሠረቱን ሌላ ሰው ካልጣለለት፣ ጣሪያውንም ሌላ ሰው ካላለበሰለት ምን ያድርግ? በአንደኛ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርታችን ውስጥ የክወናና የዕይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት ገብቶአል፤ መልካም ነው። ነገር ግን በመጽሐፍ ላይ የተሣለ መሰንቆ ድምፅ የለውም። ዛሬ በልጅነቱ ቫዮሊን የሚይዘው በአብዛኛው ወላጆቹ ለግል መምህር መክፈል የሚችሉለት ልጅ ነው። እንዲህ ከሆነ ተሰጥኦ ሳይሆን ኪስ እየመረጠ ነው።

ሦስት ተቃውሞዎች ይሰማሉ። አንደኛው ቫዮሊን የባዕድ ቅንጦት ነው የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ሳክስፎንን፣ አኮርዲዮንንና ኪቦርድን ባዕድ ብለው ሲያባርሩ አልታዩም። ደጋንን በክር ላይ መሳብ ደግሞ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ መሰንቆአችን በፈረስ ጭራ ክር፣ በፈረስ ጭራ ደጋን የሚያዜም፣ የጣት ምልክት የሌለው መሣሪያ ነው። በመሰንቆ ጆሮውን ያሠለጠነ ሕፃን ለቫዮሊን ግማሹን መንገድ ተጉዞአል። ይህ ማለት ግን መሰንቆ የቫዮሊን ደረጃ መውጫ ይሁን ማለት አይደለም። መሰንቆ የራሱ መምህር፣ የራሱ ዲግሪና የራሱ ወንበር ይገባዋል፤ ሁለቱ ሊረዳዱ እንጂ አንዱ የሌላው አሽከር ሊሆን አይገባም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ድህነት ነው። ድህነቱ እውነት ነው፤ ሰበብ ሲሆን ግን ሐሰት ይሆናል። በኪንሻሳ በ1994 በአርማን ዲያንጊዬንዳ የተመሠረተው የኪምባንጊስት ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ሥራውን የጀመረው ጥቂት ቫዮሊኖችን በየተራ እየተቀባበለ፣ የተበጠሰ ክር በብስክሌት የፍሬን ሽቦ እየተካ ነው። በሶዌቶ በ1997 በሮዝመሪ ናልደን የተቋቋመው ቡስኬይድ የክር ሙዚቃ ትምህርት ቤት የሰፈሩን ልጆች ያስተምራል፤ የበሰሉት ተማሪዎች ደግሞ ታናናሾቻቸውን እንዲያስተምሩ ያሠለጥናል። አፍሪካዊ አብነት ለሚሹ አብነቱ እነሆ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሌላ ወገን ይመጣል፤ የቬኔዙዌላን ዘዴ እንዳለ ቀድተን እናምጣ የሚል ነው። ሆሴ አንቶኒዮ አብሬው በ1975 በካራካስ የጀመረው የልጆች ኦርኬስትራ እንቅስቃሴ ከድሃ ሰፈር ብዙ ሙዚቀኞችን ያወጣ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጄፍሪ ቤከር በ2014 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ እንቅስቃሴ በአለቃ ፈላጭ ቆራጭነትና ለመንግሥት ማጌጫ በመሆኑ ነቅፎታል። ይህ ነቀፋ በተለይ ለባህል ኃላፊዎቻችን የተጻፈ ያህል ነው። ልጆች ለበዓል ድግስ ማድመቂያ፣ ለእንግዳ አቀባበል ጌጥ ሲባሉ አንድ ዜማ ለወራት ይሸመድዳሉ፤ በዓሉ ሲያልፍ መሣሪያው ይቆለፋል። ይህ ትምህርት አይደለም። ሕፃኑ የሚፈልገው በየሳምንቱ የማይቀር መምህር እንጂ በየዓመቱ የሚመጣ ካሜራ አይደለም።

አሁን ወደ ተመራቂው ወጣት እንሸጋገር። የራሱ መሣሪያ ከሌለው በምረቃው ሰሞን የትምህርት ቤቱን ቫዮሊን መልሶ ባዶ እጁን ይወጣል። መሣሪያ ያለውም ቢሆን ክሩና የደጋኑ ጭራ እያለቀ በየጊዜው ይለወጣል፤ ሁለቱም በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ናቸው። በአዲስ አበባም ሆነ በክልሎች ለክር ተጫዋች የተመደበ ቋሚ ወንበር በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ወጣቱ በሆቴል አዳራሽና በሠርግ ላይ ይጫወታል። በሠርግ ላይ መጫወት ነውር አይደለም፤ የሙያው አያቶች አዝማሪዎች በዚያ ኖረዋል። ነውሩ ከዚያ ሌላ መድረክ አለመኖሩ ነው። የክር ተጫዋች ከሌሎች ጋር ካልተጫወተ ጆሮው ይደነዝዛል። ከምረቃ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ባለሙያነቱ የሚጸናባቸው ወይም የሚከስምባቸው ናቸው። በዘገየ ጅምር የተገኘው 3,840 ሰዓት በነዚህ ዓመታት እንደ ጤዛ ሲተን ዝም ብሎ ማየት የአገር ሀብት ብክነት ነው።

መፍትሔው ሁለቱን ጉድለቶች በአንድ ላይ ማሰር ነው። በአንድ በኩል መምህር የሌላቸው ሕፃናት አሉ፤ በሌላ በኩል ሥራ የሌላቸው ተመራቂዎች አሉ። እነዚህን ማገናኘት አዲስ ሳይንስ አይጠይቅም። ሦስት ነገሮች ይበቃሉ፦

ሀ/ በየክልሉ ዋና ከተማና በአዲስ አበባ ቢያንስ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይመረጥ። ከ7 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች በመሰንቆና በትንንሽ ልክ ቫዮሊኖች ያለ ክፍያ በየሳምንቱ ይማሩ። ምርጫው በጆሮና በፍላጎት እንጂ በወላጅ ገቢ አይሁን።

ለ/ በ1935 የተመሠረተው ሀገር ፍቅር፣ በ1955 የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትርና የክልል ቴአትር ቤቶች በየቤታቸው አነስተኛ የክር ጓድ ያቁሙ። ሙሉ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ካልሆነ አይሆንም ማለት ሰበብ ነው፤ የክር ኳርቴት የሚጠይቀው የአራት ሰው ደመወዝ ብቻ ነው። ተቀጣሪው ወጣት የሳምንቱን ግማሽ ከጓዶቹ ጋር ይለማመድ፣ ግማሹን በ«ሀ» የተጠቀሱትን ሕፃናት ያስተምር።

ሐ/ ቢያንስ አንድ የክር መሣሪያ መጠገኛ ይቋቋም። ቆዳ ፍቆ፣ እንጨት ጠርቦ መሰንቆና ክራር የሚሠራ የእጅ ባለሙያ ባለበት አገር ድልድዩ የወደቀ ቫዮሊን በመጋዘን ሊበሰብስ አይገባም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለመምህራንና ለአርቲስቶች መባል አለበት። መንግሥት ወንበር እስኪሰጥ መጠበቅ ብቻውን አያዋጣም። አራት ሆነው በሳምንት አንድ ቀን የሚለማመዱ ተመራቂዎች፣ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ቅኝት ለኳርቴት የሚጽፍ አንድ አቀናባሪ፣ ቅዳሜ ጧት ለሰፈሩ ልጆች በሩን የሚከፍት አንድ መምህር፣ እነዚህ የማንንም ፊርማ አይጠይቁም። ኃላፊዎች ደግሞ በጀት ሲያጸድቁ አንዲት ቀላል እውነት ልብ ይበሉ። ለአዳራሽ ግንባታ የተያዘ ገንዘብ ለሚቀጥለው ዓመት ሊተላለፍ ይችላል፤ አዳራሹ ዘግይቶ ቢሠራም አዳራሽ ነው። ዛሬ 7 ዓመት የሆነው ልጅ ግን ለሚቀጥለው በጀት ዓመት አይተላለፍም።