ለጀምበርም ክርንና ጉልበት ይሠራለት
የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ቢስቲማ ድረስ ይዞልኝ የመጣቸው የማርቭል ሌጀንድስ የጀግና ምስሎች ቁመታቸው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ክርናቸው፣ ጉልበታቸው፣ ቁርጭምጭሚታቸው ሳይቀር ይታጠፋል፤ የገበያችን ፕላስቲክ አሻንጉሊት አጠገባቸው አይቆምም።

የማልወድላቸው የአምራቻቸውን የሃስብሮን የንግድ ብልጠት ነው። በ2010 ዓ.ም. ከብላክ ፓንተር ፊልም ጋር ከወጡት መካከል የፊልሙ ጀግና የኦኮዬ አካል ተከፋፍሎ በየሳጥኑ ተበትኗል። ሙሉዋን የፈለገ ሁሉንም ይግዛ! ለአሜሪካ ሰብሳቢ ጨዋታ ይሆናል፤ ለወሎ ሰው ግን ግማሽ ጀግና ማቀፍ ነው።

ደግሞም የብላክ ፓንተር አገር ዋካንዳ የፈጠራ አገር ናት። የብስራት ደበበ የኮሚክ ጀግና ጀምበር ግን የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ኤታን ኮሚክስ በ2011 ዓ.ም. በአማርኛም በእንግሊዝኛም አወጣው። ሌላዋ የኮሚክ ጀግና ሐዊም ተከተለችው። እኔ መደርደሪያ ላይ ሁለቱም ከወረቀት አልወጡም።

የፕላስቲክ ቅርጽ ማውጫ ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ወጪው የሚመለሰው በሺዎች ሲመረት ነው። ታዲያ በትንሹ ይጀመር፦ መቶ ምስል፣ በሦስት አውታር ማተሚያ፣ በእጅ የተቀባ። እኔ ሁለት እገዛለሁ፤ አንዱን ከሳጥኑ አላወጣውም። ልብሱንማ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያሉ ሰፊዎች በሻይ ሰዓታቸው ይጨርሱታል።