እንዚራ የሌለው በገና

በዚህ ዘመን በኮምፒዩተር ውስጥ አውታር የሚያስመታ ጥበብ ተገኝቷል። ይኸውም ሶፍትዌር ሲንተሳይዘር የሚሉት ነው። አንዳንዱ የተቀዳ ድምፅ የሚደግም አይደለም፤ የአውታሩን ርዝመት፥ ውጥረት፥ ድርቀትና የሚመታበትን ስፍራ በሒሳብ አስቦ ድምፁን ራሱ ይወልደዋል። መንገዱን ከጠረጉት ጽሑፎች አንዱ ኬቪን ካርፕለስና አሌክሳንደር ስትሮንግ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1983 ያሳተሙት ነው። በእነርሱ ሥራ፥ ቅጥ የሌለው ጥቂት ሁከት በዙር ይላካል፤ በየዙሩ ጎረቤታሞቹ ቁጥሮች በአማካይ ስለሚቀላቀሉ ቀጭኑ ድምፅ ቀድሞ ይሞታል፥ ወፍራሙ ይቆያል። የተመታ አውታርም እንዲሁ ያደርጋል። ይህ የሚደነቅ እንጂ የሚነቀፍ አይደለም።

የምነቅፈው በዚህ ጥበብ በገና ሠራን ብለው መዝሙር የሚያወጡትን ነው። የሠሩት ምናልባት ክራር ወይም የፈረንጅ ሐርፕ ይባል ይሆናል፤ በገና ግን አይደለም። በገና 10 አውታር አለው፤ አውታሩም ከበግ አንጀት የተፈተለ ነው። በያንዳንዱ አውታርና በብርኩማው መካከል እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። ደርዳሪው ገፋ ሳብ እያደረገ ስፍራዋን ሲያገኝላት፥ አውታሩ በተርገበገበ ቁጥር ብርኩማውን እየነካ ያን እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርም ድምፅ ይሰጣል። የዓለሙ አጋን በገና በኢትዮፒክስ 11ኛ ቅጽ የሰማ ሰው የምለውን ያውቃል።

እነዚህ ሰዎች ግን ማጉረምረሙን እንደ እንከን ቈጥረው ያጠሩታል። ሌሎቹ ደግሞ ብሩህነትን የሚጨምረውን መዘውር ከፍ አድርገው እንዚራን የተኩ ይመስላቸዋል። ከቶ አይተካም! ብሩህነት በመጀመሪያው ምት ያለውን ቀጭን ድምፅ ያበዛል፤ ያም ወዲያው ይሞታል። እንዚራ ግን አውታሩ ብርኩማውን በነካ ቁጥር የወፍራሙን ኃይል ወደ ቀጭኑ እያሻገረች በየቅጽበቱ አዲስ ታስወልዳለች። ስለዚህ በመኪናው ውስጥ መጨመር ያለበት የአውታርና የብርኩማ ግጭት ነው። ለሕንዶች ታንፑራ ይህንኑ በሒሳብ የሠሩ ሊቃውንት አሉ፤ የእኛዎቹ ስለ ምን ይታክታቸዋል?

ስለ ቅኝቱም እንዲሁ ነው። መኪናው ሲከፈት የፒያኖን 12 እኩል ክፍል ይዞ ይነሣል። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፥ ባቲና አምባሰል፥ ስማቸው የወሎ ምድር ስም ነው፤ የኩታበር ሰው የጎረቤቱ የአምባሰል ስም የተሰጠው ዜማ በፒያኖ ልክ ተከርክሞ ሲቀርብለት ዝም ማለቱ ይገርመኛል። በገና በብዛት የሚቃኝባቸው ትዝታና አንቺሆዬም ከዚህ መከርከም አላመለጡም። በብዙዎቹ ሶፍትዌሮች የድምፁ ልክ በእጅ የሚለወጥ ነውና ማመካኛ የላቸውም።

አንዳንድ አባቶች፥ በገና የማኅሌት መሣሪያ አይደለም፥ ለማኅሌት ከበሮ፥ ጸናጽልና መቋሚያ ይበቃል ይሉናል። እውነት ነው። ነገር ግን በዐቢይ ጾም ምእመናን ኃጢአታቸውንና ሞታቸውን እያሰቡ የሚያለቅሱበት በገና ነው፤ ቃሉ ዝግ ብሎ ሲነገር ከሥሩ ሆኖ የሚሸከመው ያ ማጉረምረም ነው። ልጆቻችን የተላጨውን ድምፅ በገና ነው ብለው ካደጉ፥ እውነተኛው በተደረደረ ጊዜ ተበላሽቷል ብለው እንዚራውን ያወጡታል።

እንግዲህ ሠሪዎቹ ወይ ግጭቱን ያስገቡ፥ ወይ ከመዝሙሩ ሽፋን ላይ «በገና» የሚለውን ፍቀው «ሲንተሳይዘር» ብለው ይጻፉ።